«አንተ» ወይስ «አንቺ»?

ይህን ጽሑፍ ልጀምር ብዬ ስቀመጥ አንድ ምርጫ ገጠመኝ። አንባቢዬን «አንተ» ልበል ወይስ «አንቺ»? በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ይህ ችግር የለበትም። በእኛ ቋንቋ ግን ደጃፍ ላይ የቆመን ጓደኛ እንኳ «ና» ወይም «ነይ» ሳይሉ ወደ ቤት ማስገባት አይቻልም። መጽሔታችን እንደ ልማዱ «እናንተ» ብሎ ይገላገላል፤ እኔም ለጊዜው «እናንተ» ብዬ ልጀምር። ነገሩን ያነሣሁት ለጨዋታ ያህል አይደለም። ቪዲዮ ጌም የሚጫወት ሰው ለምን ወንድ ወይም ሴት ገጸ ባሕርይ እንደሚመርጥ ሳስብ፣ መልሱ እዚሁ «አንተ» እና «አንቺ» አጠገብ ያለ መሰለኝ።

ጥያቄው ያገኘኝ በቤቴ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፔ ላይ «ማስ ኢፌክት»ን ስጫወት፣ አብሮኝ በመዘምራን የሚያገለግል ጓደኛዬ የጊታር ገመድ ሊወስድ መጣ። ከጀርባዬ ቆሞ ጥቂት ተመለከተና «ሴት ሆነህ ነው እንዴ የምትጫወተው?» አለኝ። ደነገጥኩ። «የእህቴ ነው፤ እሷ የጀመረችውን ነው» አልኩ። ውሸት ነበር። ሠላሳ ሰዓት ያህል የተጫወትኩት እኔ ነኝ፤ ገጸ ባሕርይዋን የመረጥኳትም እኔው ነኝ። የባሰው ደግሞ ያሳበብኩባት እህቴ እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጣ በስልኳ ትጫወት ነበር። የእሷ ገጸ ባሕርይ ጢማም ወታደር ነው። ቀና ብላ አየችኝና ምንም ሳትል ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ጓደኛዬ በክፋት አልጠየቀኝም። ታዲያ ለምን አፈርኩ?

«ማስ ኢፌክት»ን ለማታውቁት በአጭሩ ላስተዋውቅ። የሠራው ባዮዌር የተባለ የካናዳ ድርጅት ነው፤ ሦስቱ ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ2007፣ በ2010 እና በ2012 ወጡ። ታሪኩ የጠፈር መርከብ ስለሚያዝ ሼፐርድ ስለሚባል፣ ወይም ስለምታዝ ሼፐርድ ስለምትባል ወታደር ነው። አያችሁ፣ አማርኛው ከመግቢያው አስመረጠኝ። ተጫዋቹ የወታደሩን ጾታ፣ መልክና ያለፈ ሕይወት ራሱ ይወስናል። የመጀመሪያ ስሙንም ያወጣል፤ የመርከቡ ሰዎች ግን በዚያ ስም አይጠሩትም፤ «ኮማንደር» ወይም «ሼፐርድ» ብቻ ይላሉ። (ስሙ እረኛን የሚያስታውሳችሁ ካላችሁ አትቸኩሉ፤ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ ጠፈር ከወጣው አሜሪካዊ ከአላን ሼፐርድ ነው።) ወንዱን ሼፐርድ ማርክ ሚር፣ ሴቷን ጄኒፈር ሄል በድምፃቸው ተጫውተዋቸዋል። የሚናገሩት ቃል ጥቂት ቦታዎች ሲቀሩ አንድ ነው።

አንድ ቃል ይሁን እንጂ ጆሮ ላይ አንድ አይደለም። ሚር ትእዛዝ ሲሰጥ ሥራውን የሚያውቅ ወታደር ነው፤ መጥፎ አይደለም፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። ሄል ያንኑ ትእዛዝ ስትሰጥ ከቃሉ በስተኋላ የታመቀ ቁጣ፣ አንዳንዴም ድካም ይሰማል። እኔ የመረጥኳት ለዚህ ነው። በሁለቱም ጀምሬ አንድ ሰዓት ያህል ካዳመጥኩ በኋላ የእሷን ያዝኩ። ለጓደኛዬ ይህን ብነግረው ምን ነበረበት?

እስቲ ደግሞ ይህን ጌም ወደ አማርኛ ልንተረጉመው ነው ብላችሁ አስቡ። የመርከቡ ሰዎች ሼፐርድን እንደ ጓደኛ ካናገሩ እያንዳንዱ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ መቀረጽ አለበት፦ ሂድ፣ ሂጂ፤ ተኩስ፣ ተኩሺ፤ ተጠንቀቅ፣ ተጠንቀቂ። አንድ ማምለጫ ግን አለ። የበታች ለአዛዡ «እርስዎ» ይላል፤ «እርስዎ» ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም። «ይጠንቀቁ» ለአባትም ለእናትም ነው። በአማርኛ አክብሮት ጾታን ይሸፍናል። «ማስ ኢፌክት»ም የሚያደርገው ይህንኑ ነው ባይ ነኝ። ተጫዋቹ ማንንም ቢመርጥ ማዕረጉ ያው ነው፣ የሚታዘዙትም ያው ናቸው። ስለዚህ ምርጫው ዋጋ አያስከፍልም፤ ዋጋ የማያስከፍል ምርጫ ደግሞ ነፃ ነው።

ነፃ ከሆነ ታዲያ ሰዎች ምን መረጡ? ባዮዌር ራሱ ባወጣው ቁጥር መሠረት በሦስተኛው ክፍል 82 ከመቶ ተጫዋቾች ወንዱን፣ 18 ከመቶ ሴቷን ይዘው ተጫውተዋል። ሦስቱ ክፍሎች ታድሰው በአንድነት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጡ ግን የሴቷ ድርሻ 32 ከመቶ ሆነ። በመካከሉ ምን ተለወጠ? ወንዱ ሼፐርድ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሽፋኑ ላይ ነበረ፤ ፊቱም ማርክ ቫንደርሉ ከተባለ የኔዘርላንድስ ሞዴል ተወስዶ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ሴቷ የራሷ የሆነ ቋሚ መልክ ያገኘችው ለሦስተኛው ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ወዳጆች ድምፅ ከሰጡበት በኋላ ነው። በሽፋኑም ላይ ወጣች፤ ግን በወረቀቱ የውስጥ ገጽ ላይ፣ ሲገለብጡት ብቻ የምትታይ ሆና። በ2021ዱ እትም ያ መልኳ ለሦስቱም ክፍሎች ተሰጣት። የቁጥሩ ለውጥ ምክንያት ይህ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን አንዱን በር ከፍቶ መብራት አብርቶ፣ ሌላውን ገርበብ አድርጎ «ምረጡ» የሚል ሰው፣ ብዙው በየት በኩል እንደገባ በኋላ ቢቆጥር አይድነቀው።

«አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲ» ከዚህ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዩቢሶፍት ያወጣው ይህ ጌም በጥንቷ ግሪክ ስለሚኖሩ ወንድምና እህት፣ ስለ አሌክሲዮስና ካሳንድራ ነው። ተጫዋቹ አንዱን ይመርጣል፤ ያልተመረጠው ደግሞ በጠላት እጅ ያደገ አስፈሪ ተዋጊ ሆኖ ይመጣል። አሳቡ እጅግ የሚነካ ነው፤ የተውነው ሰው ፊት ለፊታችን ይቆማል። ነገር ግን ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው የእሷ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የጌሙ ልብ ወለድ የሚተርከው ስለ ካሳንድራ ነው። ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ2020 እንደዘገበው ደግሞ ሠሪዎቹ በመጀመሪያ ያሰቡት ካሳንድራን ብቻ ነበር፤ ከበላይ «አይሆንም» ስለተባሉ ነው አሌክሲዮስ አብሯት የተሰለፈው። ስለዚህ «ተጫዋቾች ወንድ ይመርጣሉ» ሲባል ስትሰሙ፣ ከተጫዋቹ በፊት ማን እንደመረጠላቸው ጠይቁ።

ወንዶች ሴት ሲመርጡ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፤ «አርባ ሰዓት የሰው ጀርባ ማየቴ ካልቀረ የሴት ይሁንልኝ» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ላራ ክሮፍት ከመጣች ወዲህ ይህ ቀልድ አልሞተም። ግማሽ እውነት አለው። ካሜራው ከኋላ ሲሆን ገጸ ባሕርይው የምናየው ሰው እንጂ የምንለብሰው ሰው አይደለም። ግማሹ ግን ማምለጫ ነው። እኔም ለጓደኛዬ ይህን ብል ኖሮ ይስቅ ነበር፣ ነገሩም ያልፍ ነበር። «ድምፅዋ ውስጥ ያለው ድካም ስለገባኝ ነው» ከማለት ይልቅ ሴትን ዕቃ ማድረግ የሚቀልልበት ጊዜ አለ፤ ይህ ስለ ጌሙ ሳይሆን ስለ እኛ የሚናገር ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ነበር። አጥኚዎቹ 375 ሰዎችን «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» አጫወቷቸው። ከወንዶቹ 23 ከመቶ ሴት ገጸ ባሕርይ ያዙ፤ ከሴቶቹ ወንድ የያዙት 7 ከመቶ ብቻ ናቸው። ሴት የያዙት ወንዶች ለገጸ ባሕርያቸው ቆንጆ መልክና ረጋ ያለ የፀጉር አሠራር መረጡ፤ ሲጽፉም ስሜት የሚገልጹ ቃላትና የቃለ አጋኖ ምልክት አበዙ። አካሄዳቸው ግን ወንድነታቸውን አልደበቀም፤ ይዘላሉ፣ ወደ ኋላ ይራመዳሉ፣ ከቡድኑ ራቅ ብለው ይቆማሉ። ሴት ለመሆን የሞከሩ አይመስሉም።

አንዳንድ ታላላቆቻችን በዚህ ጊዜ ኦሪት ዘዳግም ስለ ወንድና ስለ ሴት ልብስ የሚለውን ያነሣሉ። ጥያቄያቸውን አልንቅም። ነገር ግን ወንድ ሰባኪ ስለ ሐና ሲተርክ በአንደበቷ ያለቅሳል፤ ማንም ሴት ሆነ አይለውም። ጌም መጫወት ከዚያ የሚለይ ከሆነ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ተጫዋቹ «እኔ» ይላል።

«እኔ» ደግሞ በአማርኛ ጾታ የለውም። ማንኛውም ጌም ቤት ግቡና አዳምጡ። ወንድ የያዘውም ሴት የያዘውም ሲመታ የሚጮኸው «ሞትኩ!» ብሎ ነው። «ሞተ» ወይም «ሞተች» የሚለው ከኋላ የቆመው ተመልካች ነው። ኔንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው «ሜትሮይድ» የሆነውም ይኸው ነው። ሳሙስ የሚባለው የጦር ልብስ የለበሰ ተዋጊ በእንግሊዝኛው መመሪያ ላይ «እሱ» ነበር። ጨርሰው የፈጠኑት መጨረሻ ላይ ጥሩሩ ሲወልቅ ሴት ሆና አገኟት። ሲጫወቱ የነበሩ ወንዶች ልጆች ሁሉ ሳያውቁ ሴት ሆነው ተዋግተዋል፤ አንዳቸውም አልተጎዱም። (የተገለጠችበት መንገድ ግን አያስመሰግንም፤ ተጫዋቹ በፈጠነ መጠን ልብሷ እየቀነሰ ይሄዳል። ለጀግና የሚገባ ሽልማት አልነበረም።)

ጾታ የሚመጣው ሌላው ሰው ሲጠራን ነው። ለዚህ «ረስት» ከተባለው የኦንላይን ጌም የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። እዚያ ሰው ያለ ልብስና ያለ መሣሪያ፣ ድንጋይ ይዞ ይጀምራል። የሚያየው በገጸ ባሕርይው ዓይን ነው፤ የራሱን መልክ እምብዛም አያይም። ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ሴት ገጸ ባሕርያትን ሲያስገቡ ምርጫ አልሰጡም፤ ከተጫዋቹ መለያ ቁጥር ጋር ታስሮ ወንድ ወይም ሴት ይደርሰዋል፣ አይቀየርም። ብዙዎች ተቆጡ። ልብ በሉ፣ ራሳቸውን አያዩም። የተቆጡት ሌሎች ስለሚያዩአቸው ነው።

አሁን «እናንተ»ን ልተው። ወንድሜ፣ ለአንድ አንቀጽ «አንቺ» ስልህ ታገሠኝ።

በስልክሽ የተኩስ ጌም ከፍተሽ ከማታውቂያቸው ሦስት ሰዎች ጋር ቡድን ገብተሻል። ማይክሽን ከፍተሽ «በግራ በኩል ሁለት ሰዎች አሉ» ትያለሽ። ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱ «ሴት ናት!» ይላል። ስለ ሁለቱ ሰዎች የሚጠይቅ የለም። አንዱ ሰፈርሽን ይጠይቃል። ሌላው ሳትለምኚው ጥይት ይሰጥሽና ስልክ ቁጥር ይጠይቅሻል። ሦስተኛው ሽሮው እንዳያርብሽ ይመክርሻል። ስትሞቺ ሴት ስለሆንሽ ነው፤ ወንዱ ሲሞት ግን ጥፋቱ የኔትወርክ ነው። ብታሸንፊ «ወንድሟ ነው የሚጫወትላት» ይባላል። በሚቀጥለው ሳምንት ጢማም ወታደር ትመርጫለሽ፣ ስም ትቀይሪያለሽ፣ ማይክሽን ትዘጊያለሽ።

ይህ የእህቴ ታሪክ ነው። «ወንድሟ ነው የሚጫወትላት» ያሉትን ስትነግረኝ ያቺን ቅዳሜ አስታወስኩ፤ እነሱ የእሷን ለእኔ ሰጡ፣ እኔ ደግሞ የእኔን በእሷ ላይ ለጠፍኩ። የእኔ ሼፐርድና የእሷ ወታደር ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ዓይነት ምርጫ ናቸው፤ ሁለታችንም የሌላውን ጾታ ይዘናል። ነገር ግን እኔ የመረጥኩት ድምፅ ለመስማት ነው፤ እሷ የመረጠችው ድምፅዋን ለመዝጋት ነው። የጥናቱ 7 ከመቶ ገጸ ባሕርይዋ ሴት ሆና ማይኳን ብቻ የዘጋችዋን አይቆጥርም።

ያፈርኩበትም ምክንያት ከዚሁ የሚመጣ ይመስለኛል። በሰፈር ሜዳ ኳስ የሳተውን ልጅ «አንቺ!» ብለን ስንሰድብ ነው ያደግነው። ጎበዝ ሴት ስናይ ደግሞ «ወንድ ናት» ብለን እናሞግሳለን። ጢማሙ ወታደር እህቴን አያሳፍራትም፤ ከፍ ያለች ያህል ነው የሚቆጠርላት። ሼፐርድ ግን እኔን ዝቅ የምታደርገኝ መሰለኝ፤ ያቺ አጽናፈ ዓለምን ለማዳን የምትዘምት አዛዥ!

ጓደኛዬ ገመዱን ሊመልስ ሲመጣ ነገርኩት። «የእህቴ አይደለም፤ የእኔ ነው» አልኩት። «አውቄያለሁ እኮ» አለ እየሳቀ፤ «እህትህ ስልኳ ላይ ነበረች።» ከዚያም ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እስቲ ስትናገር አሰማኝ» አለኝ። ሳሎን ውስጥ እህቴ እንደ ወትሮው ማይኳን ዘግታ ትጫወት ነበር። መካከል ላይ «ሞትኩ!» ብላ ስትጮህ ሰማናት።