ከመጠየቅ በፊት መስፈር

ሥራዬ በዩኒቨርሲቲ የጋራ የምርምር ክላስተር ላይ አዲስ ገቢዎችን ማስጀመር ነው። አብዛኞቹ ማትላብን ወይም ፓይተንን በላፕቶፓቸው ለዓመታት ሠርተውበታል፤ ማትሪክስ ማባዛት፣ ግራፍ ማውጣት፣ የዳታ ፋይል መክፈት አያቅታቸውም። የሚቸግራቸው ሌላ ነው። ላፕቶፕ ስንት ጊጋባይት ሜሞሪ፣ ስንት ኮር፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው አያውቅም። ክላስተሩ ግን ሥራው ገና ሳይጀመር ይህንኑ ይጠይቃል። ስለዚህ ትምህርቱን ከትእዛዝ አልጀምርም፤ ከወረቀትና ከእርሳስ እጀምራለሁ።

አንድ የዝናብ ጥናት ልውሰድ። በኢትዮጵያ አየር ንብረት ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ቺርፕስ የተባለውን ዳታ አዘውትረው ይጠቀማሉ። ዳታው የሳተላይት ምስልንና የምድር ጣቢያዎችን ልኬት አጣምሮ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የወረደውን ዝናብ በየ0.05 ዲግሪ ካሬ ያስቀምጣል፤ የአንዱ ካሬ ጎን አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። አገሪቱን የሚሸፍን 15 ዲግሪ በ12 ዲግሪ የሆነ ሳጥን ብንቆርጥ 300 በ240፣ ማለትም 72,000 ካሬዎች ይወጣሉ። ከ1981 እስከ 2020 ያሉት 40 ዓመታት ደግሞ 14,610 ቀናት ናቸው። ሁለቱ ሲባዙ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ቁጥሮች ይሆናሉ። ማትላብም ሆነ የፓይተኑ የማትሪክስ ላይብረሪ ነምፓይ አንዱን ቁጥር እንደወትሮው በ8 ባይት ስለሚይዙት፣ ዳታው ሜሞሪ ላይ ሲወጣ 8.4 ጊጋባይት ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ተማሪዋ ግን የምትፈልገው ዝናቡ ከቦታ ቦታ አብሮ የሚጨምርበትንና የሚቀንስበትን ዋና ዋና ቅርጽ ማውጣት ነው እንበል። ለዚህ እያንዳንዱን ካሬ ከሌላው ካሬ ሁሉ ጋር የሚያዛምድ የኮቫሪያንስ ማትሪክስ ልትሠራ ትነሣለች፤ 72,000 በ72,000። እሱ ብቻውን 41.5 ጊጋባይት ነው። የምትፈልጋቸው ቅርጾች፣ ማለትም የማትሪክሱ አይገንቬክተሮች፣ ሲሰሉ ደግሞ ለውጤቱና ለመሐል ስሌቱ ከዚያ የሚበልጥ ቦታ ይጨመራል። ላፕቶፑ አልችል ይላታል፤ እሷም ክላስተሩ ካለው ሁሉ ትልቁን ማሽን ትጠይቃለች።

እርሳሱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቀኖቹ ከካሬዎቹ ያንሳሉ። ማትሪክሱ በካሬ መሆኑ ቀርቶ በቀን ቢሠራ 14,610 በ14,610 ይሆንና 1.7 ጊጋባይት ላይ ይቆማል። ዜሮ ያልሆኑት አይገንቫልዩዎች በሁለቱም መንገድ አንድ ናቸው፤ የካሬዎቹም ቬክተሮች ከቀኖቹ ቬክተሮች ላይ ዳታውን አንድ ጊዜ በማባዛት ይገኛሉ። የስሌቱ ብዛት የሚያድገው በማትሪክሱ ጎን ሦስተኛ ርቢ ስለሆነ፣ ድካሙ ወደ 120 ጊዜ ያህል ይቀንሳል። ጥያቄዋ በወር ድምር የሚመለስ ከሆነማ 480 ወራት ብቻ ናቸው፤ ማትሪክሱ 2 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለችውን ተማሪ «ላፕቶፕሽ ይበቃሻል» ብሎ መሸኘት ከሥራዬ ሁሉ ደስ የሚለኝ ነው። ማሽኑን ስለሰሰትኩ አይደለም፤ የራሷን ጥያቄ ስፋትና ቁመት አውቃ ስለምትሄድ ነው።

ክላስተሩ የግድ ለሚያስፈልጋቸው፣ አገባቡ ረጅም አይደለም። መጀመሪያ የሚያርፉበት ማሽን የመግቢያ ማሽን ነው፤ ፋይል ለማረምና ሥራ ለመላክ እንጂ ለማስላት አልተዘጋጀም፤ በመቶ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ይጠቀምበታልና። ሶፍትዌሩም ተጭኖ ይጠብቃል፤ በሞጁል ትእዛዝ የሚፈለገውን ስሪት መጥራት ብቻ ነው። የስሪቱን ቁጥር ሁልጊዜ ሙሉውን እንዲጽፉ አጥብቄ እለምናለሁ። ቁጥር ሳይጨምር «ማትላብ» ብቻ ብሎ የጠራ ሰው ዛሬ አንዱን ስሪት፣ ከመንፈቅ በኋላ ሌላውን ሊያገኝ ይችላል፤ ያኔ ውጤቱ ለምን እንደተለወጠ የሚያውቅ አይኖርም።

ክሊቭ ሞለር ማትላብን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሲጽፍ፣ ተማሪዎቹ ፎርትራን መጻፍ ሳያስፈልጋቸው ሊንፓክና አይስፓክ በተባሉት የማትሪክስ ፕሮግራሞች እንዲጠቀሙ ብሎ ነው። ትልቅ ውለታ ነው። አንድ መስመር ይጻፋል፣ ከሥሩ የሌሎች የብዙ ዓመት ድካም ይሠራል። ነምፓይም፣ የማትላብ አምሳያ የሆነው ኦክቴቭም ይህንኑ ምቾት ይሰጣሉ። በጋራ ማሽን ላይ ግን ከዚያ መስመር ሥር ምን እንደሚነሣ ማወቅ ግድ ነው። የማትሪክስ ማባዣው ላይብረሪ ያየውን ኮር ሁሉ ለመጠቀም የተሠራ ነው። አንድ ሰው በፓይተን 16 ፕሮሰስ ከፍቶ፣ እያንዳንዱ በራሱ 16 ትሬድ ቢከፍት፣ 256 ትሬዶች በ16 ኮር ላይ ይሻማሉ፤ ሥራው ከመፍጠን ይልቅ ይጎተታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በሥራው ስክሪፕት ውስጥ የትሬዱን ብዛት ከተጠየቀው የኮር ብዛት ጋር ማስተካከል። ማትላብ አንድ ትሬድ ብቻ ይዞ የሚነሣበት የራሱ አማራጭ አለው፤ ብዙ ትንንሽ ሥራ ለሚልክ ሰው ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

የማትላብ ላይሰንስ በቁጥር የተወሰነ በሆነበት ቦታ ሌላም ይታሰባል። መቶ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ላይሰንሱ ካለቀ፣ የቀሩት በስህተት መልእክት ይወድቃሉ። ኦክቴቭን የምወደው ለዚህ ነው። ጆን ኢተን እ.ኤ.አ. በ1992 በትጋት መሥራት የጀመረው ይህ ነፃ ሶፍትዌር መነሻው የኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎች መርጃ ነበር፤ ዛሬ ተራ የማትላብ ስክሪፕት ብዙ ጊዜ ሳይነካ ወይም በጥቂት እርማት ይሄድበታል። አንዳንድ ቱልቦክስ የለውም፣ በረጅም ሉፕም ይዘገያል። ለማትሪክስ ሥራ ግን አያሳፍርም።

ከዚያ ተራው ይመጣል። ስለርም የተባለው ተራ አስከባሪ ሥራዎችን በመጡበት ቅደም ተከተል ብቻ አያስገባም። ወፍጮ ቤት ብዙ ኩንታል ያመጣው ሰው ጭነቱ እስኪራገፍ ሲጠብቅ፣ አንድ ቁና የያዘችው መሐል ላይ አስፈጭታ እንደምትሄደው፣ ትልቁ ሥራ በቂ ማሽን እስኪለቀቅለት ድረስ በክፍተቱ አጭር ሥራ ይገባል። ይህ የሚሆነው ግን አጭሩ ሥራ አጭር መሆኑን አስቀድሞ ከተናገረ ነው። የሁለት ሰዓት ሥራ ይዞ «ለማንኛውም» ብሎ ሰባት ቀን የጠየቀ ሰው በክፍተቱ አይገባም። በጣም አሳንሶ መጠየቅም አያዋጣም፤ ሰዓቱ ሲሞላ ሥራው ይቋረጣል፣ ሜሞሪው ሲያልፍ ይገደላል። ልኩ የሚገኘው በሙከራ ነው፤ ከዳታው አንድ ዓመቱን ብቻ ማስሮጥ፣ ሲያልቅ የፈጀውን ሜሞሪና ሰዓት ከመዝገቡ ማየት፣ ከዚያ ለአርባው ዓመት ማስላት፣ ጥቂት መጠባበቂያ መጨመር። ሰዓቱ እንደ ዳታው ልክ ላያድግ ስለሚችል ሁለት ዓመት፣ ከዚያም አራት ዓመት ሞክሮ እድገቱን ማየት ይበልጥ ያስተማምናል።

ከአዲስ አበባ ሆነው በርቀት ለሚሠሩ አንድ ነገር ደጋግሜ እናገራለሁ፦ ሥራውን በስክሪፕት ለተራ አስከባሪው ይላኩት። በተከፈተ መስኮት ላይ በቀጥታ የተጀመረ ስሌት ኢንተርኔት ሲቋረጥ አብሮ ይሞታል፤ ወደ ተራ የገባው ግን መብራት ጠፋም፣ ግንኙነት ተቆረጠም፣ ሥራውን ይቀጥላል። ረጅም ከሆነም በየመሐሉ ውጤቱን ፋይል ላይ ያስቀምጥ፤ ማሽኑ ራሱ የሚወድቅበት ቀን አለ።

ትልቁ ሥራ ከመላኩ በፊት ደግሞ የአንዱን ዓመት ውጤት በላፕቶፕ ከወጣው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሁለቱ እስከ መጨረሻው አሃዝ እኩል ይሁኑ አልልም። ማሽኑ አንዱን ቁጥር የሚይዘው ወደ 16 አሃዝ በሚደርስ ጥራት ነው፤ ብዙ ትሬድ ተከፋፍሎ ሲደምር የመደመሩ ቅደም ተከተል ስለሚለወጥ ጫፉ ላይ ያሉት አሃዞች ይለያያሉ። ስለዚህ ማነጻጸሪያው እኩልነት ሳይሆን የተፈቀደ የልዩነት ወሰን ነው። የቬክተሩ ምልክት ከአዎንታዊ ወደ አሉታዊ ተገልብጦ ቢመጣም አያስደነግጥም፤ አይገንቬክተር በሁለቱም ምልክት ትክክል ነው። ልዩነቱ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው አሃዝ ላይ ከታየ ግን ትልቁን ሥራ አላስልክም። በመጀመሪያ የጠፉ ቀኖች በሁለቱም ማሽን እንዴት እንደተያዙ፣ ቁጥሮቹም በ8 ባይት ይሁን በ4 ባይት እንደተነበቡ አብረን እናያለን።