ስለ ብርጭቆ ሙስበሃ

ሙስበሃ የሚባለውን የሙስሊሞች መቍጠሪያ የሚሰበስቡ ሰዎች፥ ከጥንቱ የብርጭቆ ሥራ መካከል ዐምበር የሚመስለውን ቢጫ አብልጠው ያመሰግናሉ። እኛ ግን በዚህ ፍርድ አንስማማም። ዐምበር የጥንት ዛፍ ሙጫ ነውና ሲይዙት ቀላልና ለብ ያለ ነው፤ ብርጭቆው ከባድና ቀዝቃዛ ስለ ሆነ፥ ዓይንን ቢያታልል እንኳ ጣትን አያታልልም።

ከ19ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ በቦሔሚያ፥ በያብሎኔትስ አካባቢ፥ የብርጭቆ ዘንግ በእሳት እያለሰለሱ በቅርጽ ማውጫ ጕጠት እየጨመቁ ዶቃ ይሠሩ ነበር። ቅርጹ የተጋጠመበት ቀጭን መሥመር አንዳንድ ጊዜ በዶቃው ወገብ ላይ ይታያል። ነጋዴው እንደ ነውር ይቈጥረዋል፤ ለእኛ ግን የአሠራሩ ማስረጃ ነው። ሰማያዊውና አረንጓዴው ወደ ብርሃን ሲያነሡት ብርጭቆነቱን አይሸሽግም፤ ስለዚህ ከቢጫው ይበልጥብናል። በቀዳዳው ዙሪያ ዶቃ ከዶቃ ተፋትጎ የሟሸሸ ከሆነማ፥ በእውነት ሲቈጠርበት የኖረ ነው።

አብልጠን የምንነቅፈው ግን ክሩን በጥሰው ለአንገት ጌጥ የሚሸጡትን ነው። 99 ዶቃ ያለው ሙስበሃ በየ33ቱ መለያ አለው፤ ከሶላት በኋላ ተስቢሕ፥ ተሕሚድና ተክቢር በየተራ ይባልበታልና። ጌጥ ሠሪው መለያዎቹን ያወጣል፤ ዶቃውንም እንደ ገዢው አንገት ልክ ያሳጥራል። ከዚያ በኋላ ቍጥሩ ስንት እንደ ነበረ ማን ይናገራል?