ለዶሮ የሚሆን በቆሎ

ስለ ዶሮ መኖ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው በቆሎው ይከካ ወይስ ይፈጭ የሚለው ነው። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ በቆሎው ደርቋል ወይ? ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ እስከ ማጂ ወረዳዋ ቱም ባለው አገር የዝናቡ ወቅት ረጅም ነው፤ በቆሎው ብዙ ጊዜ የሚደርሰውም ሰማዩ ሳይጠራ ነው። ርጥበቱ ከ13 በመቶ በላይ ሆኖ በጆንያ ከታጨቀ ይታፈናል፣ ይሞቃል፣ ይሻግታል። ከዚያ ደህናው ለቂጣና ለገንፎ ይለቀምና የጠቆረው፣ የሸተተው፣ «ለዶሮ ይሁን» ተብሎ ይደፋል። የመኖው ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ነው።

በቆሎ ላይ ከሚወጡት ሻጋታዎች አንዱ፣ አስፐርጊለስ ፍላቨስ፣ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ዓለም ይህን መርዝ ያወቀው በወፎች ሞት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተርኪዎች አልቀው፣ ምክንያቱ ሲፈለግ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ዶሮ ከተርኪና ከዳክዬ የተሻለ ትችለዋለች፤ ጉዳቱ የሚያታልለውም ስለዚህ ነው። ቶሎ አይገድላትም፤ ጉበቷን ይጎዳል፣ እንቁላሏን ይቀንሳል፣ በሽታ የመቋቋም አቅሟን ያደክማል። ጫጩቶች ደግሞ ከትልልቆቹ ይበልጥ ይጎዳሉ፤ ሲሞቱም ፈንግል ነው ተብሎ ይታለፋል። የአበሻ ዶሮ ይህንኑ ስትበላ ኖራ ምን ሆነች የሚል ይኖራል። እሷ ግን ጓሮ ለጓሮ ስትጭር ትውላለች፤ ትሉንና ሣሩን እየለቀመች የማይጥማትን ትተዋለች። ተዘግቶባት የምትውል እንደ ሳሶ ወይም ቦቫንስ ያለች የውጭ ዝርያ ዶሮ ይህ ምርጫ የላትም፤ ከፊቷ የቀረበው ምግቧ ሁሉ ነው። ቆልቼ እሰጣለሁ የሚለውም አያዋጣም፤ እሳቱ ሻጋታውን ይገድላል እንጂ መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም።

ድሃ ቤት እህል አይጣልም የሚለውን ተቃውሞ አከብራለሁ። መልሱም በመጣል ሳይሆን ሻጋታው ሳይጀምር በማድረቅ ላይ ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ዕውቀት ደግሞ እዚያው ቀዬው ውስጥ አለ። የቡና ገበሬ እሸት ቡናውን መሬት ላይ ቢያሰጣው ጠረኑ እንደሚበላሽ ያውቃል፤ ስለዚህ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ በስሱ ዘርግቶ በቀን ደጋግሞ ያገላብጠዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ይሸፍነዋል፣ ሲመሽም እንዲሁ። በቆሎ ከዚህ የተለየ አይፈልግም። ቡናው በአብዛኛው ከጥቅምት ወዲህ የሚለቀም በመሆኑ፣ በቆሎው ቀድሞ በሚደርስበት ቦታ አልጋው ባዶውን ነው የሚቆመው። አፈር ላይ የተሰጣ በቆሎ ግን ከሥሩ ርጥበት ይስባል፤ ሻጋታውም የሚኖረው በአፈሩ ውስጥ ነው። መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ፍሬና ደረቅ ጨው አድርጎ መናጥ ነው፤ ጨው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተለጠፈም ለማከማቻ እንዲበቃ ጥቂት ፀሐይ ይጨመርለት።

ከደረቀ በኋላ ለቀማው ይቀራል። መርዙ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ስለሚከማች የተሰበረውን፣ ቀለሙ የተለወጠውንና የቀለለውን ማውጣት ብዙውን አደጋ ይቀንሳል። ነቀዝ የበላው የተለየ ነገር ነው፤ ደርቆ ካልሻገተና የነቀዝ መድኃኒት ካልነካው ለዶሮ ይሆናል። ቀለም የተቀባ የዘር በቆሎ ግን በፍጹም። ክኩን በተመለከተ ደግሞ ለጫጩት ደቀቅ፣ ለትልቋ ሻካራ ይሁን፤ ጠጠር የምታገኝ ዶሮ ሙሉውንም ትፈጨዋለች። የተከካ በቆሎ ዘይቱ አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይበላሻል፤ የሳምንት ያህል ብቻ ማስከካት ይበቃል።

በቆሎ ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮቲኑ ከ8 እስከ 9 በመቶ ሲሆን እንቁላል ጣይ ዶሮ 16 በመቶ ገደማ ትፈልጋለች። ነጩ በቆሎ አስኳሉንም ያነጣዋል፤ ጎመንና ሌላ አረንጓዴ ቅጠል ቢጨመርለት ይቀላል። ፕሮቲኑን ለመሙላት የኑግ ፋጉሎ የሚገዛ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ውስጥ የተገኘውን አፍላቶክሲን ከከብቶቹ መኖ፣ በተለይም ከኑግ ፋጉሎ ጋር አያይዞታል። ስለዚህ ፋጉሎው ከጆንያው መሐል ተዘግኖ ይታይ፣ ይሸተት፤ የሻገተ ከሆነ በደንብ የደረቀው በቆሎ ላይ አይቀላቀል።