እጅን ማቅለል

ጡት ውስጥ ጠጠር ያለ እብጠት ያገኘ እጅ ሁሉ መጫን ያምረዋል። የእናትየዋ እጅ፣ የአያትየዋ፣ ልትጠይቅ የመጣችው ጎረቤት፣ የእኔ የአዋላጇም ጭምር። «ወተቱ አንድ ቦታ ተወትፏል፤ ገፍተን እናውጣው» ነው የሁሉም ሐሳብ። ሐሳቡ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ጡት ብግነት ባወጣው ሰነድ ዋና መንስኤ ያለው የወተት መከማቸትን ነበር። እኛም ስንማር የተነገረን ይኸው ነው፦ ሙቅ ፎጣ፣ ጠበቅ ያለ እሽታ፣ ጡቱ ባዶ እስኪሆን ማለብ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የጡት ማጥባት ሕክምና አካዳሚ መመሪያ ግን ነገሩን ገለበጠው፦ ማቀዝቀዝ፣ እብጠቱን ማስታገስ፣ ሕፃኑ በሚፈልገው ልክ ብቻ ማጥባት፣ አጥብቆ አለማሸት። ዛሬ የምሠራው በዚህኛው ነው።

ለምን እንደሆነ የሚገባው ጡት ውስጥ ያለውን ላሰበ ሰው ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም አስትሊ ኩፐር በሞቱ ሴቶች ጡት የወተት ቱቦዎች ውስጥ ሰም እየሞላ ያዘጋጃቸውን ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1840 አሳተመ። ከዚያ በኋላ የመጡት መጻሕፍት ከጡት ጫፍ ሥር የወተት ማጠራቀሚያ ከረጢቶች አሉ እያሉ ሲያስተምሩ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 የምዕራብ አውስትራሊያ ተመራማሪዎች የሚያጠቡ ሴቶችን ጡት በአልትራሳውንድ ሲያዩ ግን ከረጢቶቹን አላገኟቸውም። ያገኙት በአማካይ ዘጠኝ ያህል ዋና ቱቦዎች ነው፤ ስፋታቸው ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለቆዳ የቀረቡ፣ ትንሽ ሲነኳቸው የሚጨፈለቁ። እንዲህ ያለ ስስ ቱቦ ዙሪያው ያለው ሥጋ ደምና ውኃ ቋጥሮ ሲያብጥ ከውጭ ተጨፍልቆ ይጠብባል። ስለዚህ ጣቴ ሥር የሚገኘው ጠጣር ነገር በአብዛኛው ያበጠ ሥጋ ነው። እሱን መጭመቅ ደግሞ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያቆስላል፣ እብጠቱንም ይጨምራል። ለእናቶች ሳስረዳ ወለም ባለ ቁርጭምጭሚት ብመስለው ደስ ባለኝ ነበር፤ ችግሩ እኛ አገር ወለምታም ለወጌሻ ተሰጥቶ ይታሻል።

ከሁሉ የሚከብደው ቅዝቃዜውን አራስ ቤት ማስገባት ነው። መስኮቱ ተዘግቷል፣ በሩ ላይ መጋረጃ አለ፣ አራሷ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርባለች፤ እኔ ደግሞ ቀዝቃዛ ጨርቅ አምጡ እላለሁ። አያትየዋ መቼም ዝም አይሉም።

«ሲስተር፣ ለአራስ ቀዝቃዛ? ብርድ ልታስገቢባት ነው?»

«እማማ፣ ጀርባዋንም እግሯንም እንደ ፈለጉ ይሸፍኑልኝ፤ ጡቷን ብቻ ለእኔ ይተዉልኝ።»

ከሰው ወግ ጋር መጣላት ሥራዬ አይደለም። ጋቢው እንዳለ ይቆያል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ በስስ ጨርቅ ላይ ሆኖ እብጠቱ ላይ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያርፋል፤ ይነሣል፤ ቆይቶ ይደገማል። ፍሪጅ ያለበት ቤት ከሆነ የጥቅል ጎመን ቅጠል አዝዛለሁ። ጎመኑ ምንም ምሥጢር የለውም፣ የሚሠራው ቅዝቃዜው ነው፤ ግን ከኩሽና የመጣ ነገር ስለሆነ አያቶች ከበረዶ ይልቅ ቶሎ ይቀበሉታል። ሙቀት የሚያጽናናት እናትም አለች። ከማጥባቷ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ከሆነ አልከለክላትም፤ ቀኑን ሙሉ ሙቅ ፎጣ ሥር መዋሉ ግን ደም እየሳበ እብጠቱን ያባብሰዋል።

ቀጥሎ ያለው ክርክር ስለ ወተቱ መጠን ነው። አንዱ ወገን «ጡቱ ታሟልና አታጥቢበት» ይላል፤ ሌላው «ካላለቀ አይድንምና እለቢው» ይላል። ሁለቱም ይጎዳሉ። ጡት የሚያመርተው የተወሰደበትን አይቶ ነው፤ ሕፃኑ ከጠገበ በኋላ በማለቢያ መጨረስ ለነገ ተጨማሪ ወተት ማዘዝ ይሆናል። በዚያው በታመመው ጡት ሕፃኑ በፈለገ ጊዜ ይጥባ፣ ሲጠግብ ይተው። ወተቷ የተረፋት እናት ከሆነች አጥሚቱን ሲርባት ትጠጣ፤ ወተት ያበዛል እየተባለ የሚጨመረው አብሽ ግን እብጠቱ እስኪጠፋ ቢቆይ እመርጣለሁ።

አሁን ስለ እጅ። መጀመሪያ እጄን ታጥቤ አሞቀዋለሁ፤ የሕመሙን ቦታ በአንድ ጣቷ እንድታሳየኝ እጠይቃታለሁ፤ ከዚያ ሆን ብዬ ከዚያ ቦታ ርቄ እጀምራለሁ። ከአንገት ሥር፣ ከብብት፣ ቀስ በቀስ ወደ ጡቱ። የሚንቀሳቀሰው ቆዳው ብቻ ነው፤ አቅጣጫው ወደ ብብትና ወደ አንገት አጥንት፣ የተከማቸው ውኃ በሚሄድበት መንገድ። ቅቤ አያስፈልግም፤ ቅቤ እጅን ያበረታል። እናትየዋ ፊቷን ካጨማደደች ከብዶብኛል ማለት ነው። የጡቱ ጫፍ ዙሪያ ተወጥሮ ሕፃኑ መጉረስ ካቃተው፣ በጣቶቼ ጫፍ ዙሪያውን ወደ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል በዝግታ ገፍቼ እይዘዋለሁ፤ ውኃው ወደ ኋላ ይሸሽና ለአፉ ይለሰልሳል።

ከዚያ እጄን አንሥቼ አያለሁ። እውነተኛው ሥራ ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። ሕፃኑ ጫፉን ብቻ ነው የያዘው ወይስ አፉን ሞልቶ ጎርሷል? ሲውጥ ይሰማል? በብብቷ ሥር አድርጋ ብትይዘው ይሻለዋል? የጡት መያዣዋ ሽቦ የት ላይ ይቆረቁራል? የማዘያው ገመድ በየት ያልፋል? በየትኛው ጎኗ ነው የምትተኛው? እብጠቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚመለስባት እናት ካለች፣ መልሱ ከእነዚህ ጥያቄዎች በአንዱ ውስጥ ይገኛል። ወይም ከሥራ ሰዓቷ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ሲያልቅ፣ በየሁለት ሰዓቱ ታጠባ የነበረች ሴት በአንድ ጠዋት ከልጇ ስምንት ሰዓት ትለያለች። ክፍተቱን በቢሮ እያለበች ብትሸፍን፣ ከመመለሷም በፊት ለጥቂት ሳምንታት ቀስ በቀስ ብትለምደው ጡቷ እንዲህ አያጋትም።

አንድ ነገር አስቀድሜ እናገራለሁ፦ ዛሬ ተወተፈ የተባለው ወተት ፈንድቶ ሲወጣ አታዩም። ቤተሰቡ የሚጠብቀው ያንን ነው፤ አጥብቆ ያሸ ሰው አንዳንዴ ያንን ስለሚያሳይ ይመሰገናል፣ ሕመሙ ማታ ይመለሳል። እብጠቱ የሚጎድለው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ነው። ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ካለም በመርፌ አይወጋ፤ ይቆስላል፣ ይጠነክራል።

መጻሕፍቱ «ቀይ» የሚሉት ምልክት በእኛ ቆዳ ላይ ብዙም አይታይም። እኔ የምፈልገው የሚያብለጨልጭ የተወጠረ ቆዳ ነው፤ በእጄ ጀርባ ሁለቱን ጡቶች እያነጻጸርኩ ትኩሳቱን እለካለሁ። ሙቀቷ 38.5 ከደረሰ፣ ብርድ ብርድ ካላት፣ አጥንቷን ከቆረጠማት ብግነት ነው። ቤት ውስጥ ስሙ «ምች» ይሆንና ዳማከሴ ይታሻል፤ የሚያሳስበኝ በዚያ የሚያልፈው ጊዜ ነው። የጨጓራ ሕመም ለሌለባት አይቡፕሮፌን እብጠቱንም ሕመሙንም ያስታግሳል፤ ወደ ወተቱ የሚያልፈው ጥቂት ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተሻላት ሐኪም ይያት፤ አንቲባዮቲክ የሚታዘዘው ያኔ ነው። ትኩሳት ለሌለው እብጠት ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ጥቅም የለውም። በዚህ ሁሉ መሀል ልጁ ይጠባል፤ ወተቱ አልተበላሸም። መግል ከቋጠረ ግን በሐኪም መርፌ ይቀዳል እንጂ በቤት አይጨመቅም።

በቀናት ውስጥ ያልጎደለ እብጠት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የምታጠባ ሴት ላይ ያለ እብጠት ሁሉ ወተት ነው ብሎ ማሳለፍ አደገኛ ልማድ ነው፤ ካንሰርም በዚህ ጊዜ ይነሣል፣ እንደ ብግነት መስሎም ሊመጣ ይችላል። ወደ አልትራሳውንድ ስልካት በመላኪያ ወረቀቷ ላይ እብጠቱ በስንት ሰዓት አቅጣጫ እንዳለ፣ ከጫፉ ስንት ጣት እንደሚርቅ፣ መጠኑንና መጀመሪያ የታየበትን ቀን እጽፋለሁ፤ የሚቀጥለው መርማሪ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ እንዲያውቅ።