«እገዳ» ወይስ «እግር»? ስለ መኪና ክፍሎች ስያሜ አጭር ሂስ

የሙያ ቃል ከባዕድ ቋንቋ ሲተረጐም የሚፈጸም ስሕተት ብዙውን ጊዜ የቃል ስሕተት ብቻ መስሎ ይታያል፤ ጉዳቱ ግን ቃሉን ይዞ ወደ ሥራ እስከሚገባው ሰው እጅ ድረስ ይዘልቃል። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን የመረጥነው የመኪናን አካል ከጎማዎቹ ጋር የሚያያይዘውን፣ ክብደቱን የሚሸከመውንና የመንገዱን መንገጫገጭ የሚያበርደውን ክፍል ነው። በእንግሊዝኛ «ሰስፔንሽን» የሚባለው ይህ ክፍል በመኪና መሸጫ ማስታወቂያዎችና በችኮላ በተዘጋጁ ትርጕሞች «እገዳ» ተብሎ ሲጻፍ እናያለን። «የፊት እገዳ»፣ «ያረጀ እገዳ ማደስ» የሚል ሐረግ የሚያነብ አሽከርካሪ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መንጃ ፈቃዱ እንጂ ስለ መኪናው ብረት አይደለም።

የስሕተቱ ምንጭ ግልጽ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል «ማንጠልጠል» እና «ከሥራ ማገድ» የሚሉ ሁለት ፍችዎች ሲኖሩት፣ ተርጓሚው የማይመለከተውን ፍች አነሣ። በአማርኛ «አገደ» ማለት ከለከለ፣ ገታ ማለት ነው፤ የዚህ ክፍል ተግባር ግን ጎማው እንደ መንገዱ ከፍና ዝቅ እንዲል መፍቀድ ስለሆነ፣ ስያሜው የተግባሩ ተቃራኒ ሆኖ ተገኝቷል። «ማንጠልጠያ» የሚለውም ቢሆን አያጠግብም። የባዕዱ ቃል የተወሰደው አካላቸው በጠፍር ይንጠለጠል ከነበረ የፈረስ ሠረገላዎች ነው፤ የዛሬው መኪና ግን በባሌስትራው ላይ ተቀምጧል እንጂ አልተንጠለጠለም።

ስለዚህ ስያሜውን ከሥራው ቦታ መፈለግ ይገባል እንላለን። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከወረታ ተነሥቶ በእርሷ በኩል ወደ ጋይንትና ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ፣ ይልቁንም ወደ እስቴና ወደ ስማዳ የሚወስዱት ዳገትና ቍልቍለቶች የመኪናን እግር ይፈትናሉ። በዚህ አገር ባሌስትራው የረገበበትን አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር በግቢው ውስጥ በክሪክ አንሥቶ የሚያድስ ሰው የቃል ችግር የለበትም። ባሌስትራ፣ ሞላ፣ አሞርዛተር፣ ቡሽ፣ ቡሎን፣ ዳዶ እያለ ይሠራል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ባዕድ ናቸው ማለት አይቻልም። ያገለገለ ባሌስትራ በቀጥቃጩ እጅ ማረሻና ቢላዋ ሲሆን፣ ቃሉም ከብረቱ ጋር ወደ ገጠር ወርዷል። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም ወደ መቅደላ የተጎተተው መድፍ ስሙ የክራይሚያ ከተማ ስም ነበር፤ ዛሬ «ሴባስቶፖል» ሲባል ግን ከክራይሚያ ይልቅ ዐፄ ቴዎድሮስን የማያስብ ኢትዮጵያዊ የለም።

ከውርሶቹም አንዳንዶቹ ከእንግሊዝኛው የተሻሉ ናቸው። «ሾክ አብዞርበር» የሚለው ስም በቁሙ ሲፈታ «ምት ተቀባይ» ማለት ነው፤ ነገር ግን የመንገዱን ምት የሚቀበለው ባሌስትራው ወይም ሞላው ነው። «አሞርዛተር» ግን ከሥሩ የማሞት፣ የማጥፋት ፍች ስላለው፣ ባሌስትራው ምቱን ተቀብሎ ሲወዛወዝ ያን ውዝዋዜ የሚያከስመውን መሣሪያ በትክክል ይገልጻል። ይህ ልዩነት ገንዘብ ያስከፍላል። የመኪናው ማዕዘን ተጭኖ ሲለቀቅ ደጋግሞ የሚወዛወዝ ከሆነ የደከመው አሞርዛተሩ ነው፤ መኪናው በአንድ ጎኑ ዝቅ ብሎ ከቆመ ግን የረገበው ባሌስትራው ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ሰው ባሌስትራ ማደስ ሲገባው አዲስ አሞርዛተር ገዝቶ ይከስራል።

በግሥ ላይ የሚደርሰው ስሕተት ደግሞ ከስም ስሕተት የባሰ ነው። ከጎማ የተሠራው ቡሽ በባሌስትራው ዓይን ውስጥ ሲገባ፣ ቡሎኑ በመጀመሪያ ለጊዜው ይያዛል፤ መኪናው ከክሪክ ወርዶ ክብደቱ በጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ብቻ በሚገባ ይጠብቃል። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ቡሹ ተጠማዞ ይቀራል፤ ሳይቈይም ይቀደዳል። አማርኛ «አስያዘ» እና «አጠበቀ» የሚሉ ሁለት ግሦች እያሉት ሁለቱንም ደረጃ «አጥብቅ» ብሎ የሚተረጕም መመሪያ፣ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሥራውን ያበላሻል።

እንግዲህ ለጠቅላላው ክፍል ምን ስም ይሰጠው? የፋርጣ ገበሬ ለማረሻው ዕቃ ሞፈር፣ ድግር፣ ወገል፣ ምራን ብሎ ለእያንዳንዱ ስም ሲኖረው የማንንም ቃል አልተረጐመም። መካኒኮቻችንም «የፊት እግር»፣ «የኋላ እግር» ሲሉ ቃሉን አግኝተውታል። እግር ይሸከማል፤ በጕልበቱ ይታጠፋል፤ መገጣጠሚያው ያረጃል። «እግር» ከጎማ ጋር ይደባለቃል የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን ጎማ የራሱ ስም ስላለው «የእግር ክፍል» ቢባል ጥርጥሩ ይወገዳል።

የአማርኛ መርሐ ልሳን በ1964 ዓ.ም ከተቋቋመ ወዲህ፣ በኋላም በ1989 ዓ.ም በታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት፣ ለሙያ ሥራ የሚሆን አማርኛ ለማደራጀት ብዙ ተደክሟል። ይህን ድካም እናከብራለን። የሚቀረው ግን መዝጋቢው ብዕሩን ይዞ ወደ ጋራዡና ወደ ግቢው መሄዱ ነው። «ባሌስትራ» እና «አሞርዛተር» ከነፍቻቸው ይመዝገቡ፤ «የእግር ክፍል» ይመርመር፤ «እገዳ» ግን ወደ ፍርድ ቤቱና ወደ ደንብ ማስከበሪያው ይመለስ።