ከትከሻ የሚወርድ ድንጋይ

3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው የመንዝ ከተማ ሞላሌ ብርዱ አጥንት ዘልቆ ይገባል። አባወራ አጥፍቶ ሲታሰር ቤተሰቡ በሶና ቆሎ ይሰንቅለታል፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ የመንዝ ባና ይልክለታል። በልጆቹ ልብ የገባውን ብርድ ግን ባና አያሞቀውም።

ያን የልብ ብርድ የሚያሞቀው ይቅርታ ነውና የአገራችንን እርቅ አደንቃለሁ። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ሽማግሌዎች ፊት ይቆማል፤ የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲል ድንጋዩ ከትከሻው ይወርዳል።

ጉልበት ስሞ ይቅርታ መለመን የልጅ ወግ ነውና አባት ለልጁ አንገቱን መድፋት ይከብደዋል። «በድያችኋለሁ፣ ልጆቼ» ያለ አባት ግን ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ልጁም ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጉልበት ሲስም ሁለቱም ይፈታሉ። ፍርድ ቤት የእስር ዘመን ይቆጥራል፤ በልጅ ልብ የታሰረን አባት የሚፈታው ይቅርታ ነው።