«አይደል?» በምስክር ፊት

በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሳስተረጉም ጆሮዬን ይበልጥ የማቆመው ጠበቃው ንግግሩን ጨርሶ ጫፉ ላይ ለሚሰካት ትንሽ ጥያቄ ነው። በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ መሪ ጥያቄ ይፈቀድለታል፤ ምስክርን ወደሚፈልገው መልስ ለመግፋት ደግሞ ከእሷ የተሻለ መሣሪያ የለውም።

«ዩ ወረንት ሆም ዛት ናይት፣ ወር ዩ?» ይላል። እንግሊዝኛው ጭራውን እንደየዓረፍተ ነገሩ ይቀይራል፦ አሉታው ወደ አዎንታ፣ አዎንታው ወደ አሉታ ይገለበጣል፤ ረዳት ግሱና ተውላጠ ስሙም ከፊተኛው ጋር መግጠም አለባቸው። የእኛዋ «አይደል?» ለሁሉም ያው ናት። «በዚያ ሌሊት ቤት አልነበሩም፣ አይደል?» እላለሁ። እስከዚህ ቀላል ነው።

ምስክሯ እናት «አዎ» ይላሉ። በአማርኛ ልማድ «ልክ ነህ፣ አልነበርኩም» ማለታቸው ነው። ጁሪዎቹ ግን «የስ» ተብሎ ሲደርሳቸው «ነበርኩ» ብለው ሊረዱት ይችላሉ። «አዎ፣ አልነበርኩም» ቢሉ ግሱ ያድነናል፤ አስጨናቂዋ ብቻዋን የመጣችው «አዎ» ናት። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ሰው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ብቻ ነው «አዎ» የሚለው። ቃል የሚመዘግበው ሠራተኛ ያን ትንፋሽ ምን ብሎ ይጻፈው?

ሐሳባቸው ስለገባኝ «አልነበርኩም»ን ከራሴ ልጨምርላቸው? በፍጹም። ምስክር ያልተናገረውን ግስ አፉ ውስጥ መክተት ምስክርነቱን መንካት ነው። «የስ» እላለሁ፤ ወዲያው ራሴን በሦስተኛ መደብ ጠርቼ «አስተርጓሚዋ መልሱ በሁለት መንገድ ሊተረጎም እንደሚችል ለፍርድ ቤቱ ታሳውቃለች» እላለሁ። ጥያቄው ይደገም አይደገም የሚወስኑት ዳኛው ናቸው።

ጭራዋን ጥሎ «ቤት ነበሩ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነገሩን እንደሚያቃልል አውቃለሁ። መልሱ ጥርት ብሎ ይመጣል፤ የጠበቃው ግፊት ግን ይጠፋል፤ ምስክሯም ያልተጠየቁትን ጥያቄ ይመልሳሉ። ስለዚህ ድምፁንም እከተላለሁ። ጠበቃው ጫፉ ላይ ድምፁን ዝቅ ካደረገ ማረጋገጫ እየፈለገ ነው፣ እኔም «አይደል»ን ዝቅ አድርጌ እላታለሁ፤ ከፍ ካደረገ በእርግጥ እየጠየቀ ነው፣ ከፍ አደርጋታለሁ። «አይደለም እንዴ?» ግን መገረምና ሙግት አለባት፤ ጠበቃው ራሱ ካልተሟገተ ከአፌ አትወጣም።